ቋጠሮ የሌለበት ቃጫ

ቋጠሮ ያለበት ቃጫ ገበያ አይወጣም። ይህን እኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እንሰቱ ተፍቆ፣ ቆጮው ጉድጓድ ከገባ በኋላ የቀረው ቃጫ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይነጣል። ከዚያ ሴቲቱ ቁጭ ብላ በጣቷ እያበጠረች ውሉን ትፈታለች። ነጋዴው እጁን እስሩ ውስጥ ይከትና አንድ ቋጠሮ ከነካው "ሂጂ፣ ፈትተሽ ነይ" ይላል። እናቴ እንዲህ አስተማረችኝ፣ እኔም እንደዚያው ሳደርግ ኖርኩ። አላህ ሲያመጣው ምን ይደረጋል፣ ቃጫ ሲቋጥር የሚውል ባል ሰጠኝ።

ስለ ሸምሶ ስትጠይቁኝ ከዚህ የምጀምረው ለዚህ ነው። ሰው ይመጣና "ሃሊማ፣ ባልሽ በጣት የሚነበብ ጽሑፍ ፈለሰፈ አሉ፣ እስቲ አጫውቺን" ይለኛል። ደስ የሚለኝ ይመስለዋል። እኔ እንደሆነ ደክሞኛል። ወላሂ፣ ያኔም ደክሞኝ ነበር። አንዱ ሲፈለስፍ ሌላው እንሰት መፋቅ አለበት፤ ይሄን የሚጠይቀኝ ግን የለም።

እኔ የቡታጅራ ሰው አይደለሁም። የተወለድኩት ከተራራው ወዲያ፣ ወልቂጤ አጠገብ ነው። ልጅ ሆኜ አክስቴ አዲስ አበባ ወሰደችኝ። እሷ መርካቶ ቆጮ ትሸጣለች፣ እኔ እሸከማለሁ። ከመደባችን ቀጥሎ የሸምሶ አጎት የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ሸምሶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እዚያ ይመጣል፤ በር ላይ በርጩማ ሰጥተው ያስቀምጡታል። ቀጭን ነው፣ አንገቱ ረጅም፣ ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ። ፈንጣጣው ገና ጥርሱን ሳይነቅል ሁለቱንም ዓይኑን ወስዶበታል። እኔ ሳልፍ በኮቴዬ ያውቀኛል። "ዛሬ ከብዶሻል፣ ሃሊማ" ይለኛል። ከዚያ በፊት ከብዶሻል ያለኝ ሰው አልነበረም። የያዘኝ በዚህ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ።

አክስቴ አበደች። "ዓይን የሌለው ሰው ልታገቢ ነው?" አለችኝ። ዓይን ያላቸውን አይቻቸዋለሁ አልኳት። የእሱ አገር ጉራጌኛና የእኔ አገር ጉራጌኛ ስለማይግባባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተነጋገርነው በአማርኛ ነው። ስንጣላም በአማርኛ ነበር።

ከእኔ በፊት ያለውን ራሱ ነው የነገረኝ። አባቱ ጀማሉ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ እንሰትና በርበሬ የሚያለማ ገበሬ ነበር። ዓይኑ የጠፋ ልጅ ሌላ ምን ይሁን ብለው ቁርአን ቤት አስገቡት። ጆሮው ስል ነው፤ ሼሁ አንዴ ያሉትን አይረሳም። ሌሎቹ ልጆች ግን የእንጨት ሉህ አላቸው፤ በቀለም ይጻፍላቸዋል፣ ሲጨርሱ ታጥቦ እንደገና ይጻፋል። ሸምሶ የጓደኛውን ሉህ ይቀበልና ይዳብሰዋል። ልሙጥ ነው። ጓደኛው ግን ከዚያ ልሙጥ እንጨት ላይ ቃል ያወጣል። "ተስማምተው የሚዋሹኝ ይመስለኝ ነበር" አለኝ።

በኋላ አጎቱ አዲስ አበባ ወሰደው። ፈረንጆች የሚያስተምሩበት የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባው። እዚያ ነው ወፍራም ወረቀት ላይ በወስፌ የተወጉ ነጥቦችን በጣቱ የነካው። የመጀመሪያዋን ፊደል የለያት ዕለት አለቀሰ። ያፈሰሰው እንባ ወረቀቱን አርጥቦት አስተማሪዋ እንደተቆጣችው እየነገረ ይስቅ ነበር። ነጥቦቹን ማን እንደሠራቸው የነገረቻቸውም ያቺው አስተማሪ ነች። ይህን ወሬ ሸምሶ ስንት ጊዜ እንዳወራልኝ አልነግራችሁም፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ፈረንሳይ አገር አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ኮርቻ ሠሪ ነው። ልጁ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው፣ ቁስሉ ወደ ሌላው ተዛመተና ሁለቱም ጠፉ። ፓሪስ ያለ ትምህርት ቤት አስገቡት። እዚያ የነበሩት መጻሕፍት ትልልቅ ፊደል ከወረቀቱ ላይ ጎላ ብሎ የወጣባቸው ናቸው። አንዱን ለማንሳት ጉልበት ይጠይቃል፣ አንድ ገጽ ለማንበብ ቀኑ ያልቃል፣ መጻፍማ ጭራሽ አይታሰብም። በኋላ አንድ የጦር መኮንን ወታደር በጨለማ እንዲላላክበት ያሰበውን የነጥብ ዘዴ ይዞ መጣ። ልጁ ያንን ተቀብሎ፣ እየቀነሰ፣ እያስተካከለ፣ በጣት ጫፍ የሚያዝ ፊደል አደረገው። ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

"ታዲያ ተቀበሉት?" ብዬ ጠየቅሁት፣ መጀመሪያ ያወራልኝ ጊዜ።

"ተማሪዎቹ ወዲያው ወደዱት። ትልልቆቹ ግን የተቀበሉት ከሞተ በኋላ ነው።"

"እና ይሄ ምኑ ያስደስታል?"

"ሃሊማ፣ እኔ ያንን ልጅ አላውቀውም" አለኝ። "እሱም እኔን አያውቀኝም። ጣቴ ግን የሠራውን ያነባል። አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ለተማረ ሰውማ በአፍም ትነግሪዋለሽ። ጽሑፍ ጽሑፍ የሚሆነው የማታውቂው ሰው ጋ ሲደርስ ነው።"

ያኔ ነገሩ ይህን ያህል የሚያንገበግበው አልመሰለኝም። እያደር ነው የገባኝ።

የታኅሣሥ ግርግር በሆነ በዓመቱ ጀማሉ ሞተና የሸምሶ እናት ከድጄ ብቻዋን ቀረች። ሸምሶ ትምህርቱን አቋርጦ፣ እኔን ይዞ ቡታጅራ ገባ። ነጥብ የሚወጋበትን የብረት ማስመሪያ ከትምህርት ቤቱ ሰጥተውታል፤ ወረቀት ግን ከየት ይምጣ? ቡታጅራ ያለው ስኳር የሚጠቀለልበት ወረቀት ነው፣ ሲወጉት ይቀደዳል። ከአዲስ አበባ ያመጣውን ክረምቱ አረጠበውና ነጥቦቹ ተኙ። የተረፈውን የአማቴ ፍየል በላችው። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ ቢናገርም "እሺ" እና "አልሐምዱሊላህ" ብቻ ነው። የሚያነበው ያጣ ሰው ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አየሁ።

አንድ ቀን ደጅ ቁጭ ብዬ ቃጫ ሳበጥር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እስሩን ሲዳብስ ጣቱ አንድ ቋጠሮ ላይ ቆመ። ልፈታው እጄን ስዘረጋ "ተይው" አለኝ። ቋጠሮውን ደጋግሞ ዳበሰው። ከጎኑ ሌላ ቋጠረ፤ ቀጥሎ ደግሞ ድርብ አድርጎ ሌላ።

"ያ ልጅ ቤቱ ያገኘው ወስፌ ነበር" አለ። "እኛ ቤት ያለው ይሄ ነው።"

"ሸምሶ፣ እኔ የምፈታውን አንተ ልትቋጥር ነው?" አልኩት። ሳቀ። ቡታጅራ ከገባን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነበረች፤ ምን ላድርግ፣ አንድ እስር ሰጠሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቋጠሮ አለው፤ ነጠላ፣ ድርብ፣ ቀለበት ያለው፣ አጥብቆ የተጠመዘዘ። ከዋናው ገመድ ጎን ደግሞ ቀጭን ክር አብራ ትሄዳለች፤ ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ሌላ፣ የምትለየው እሷ ላይ ባለው ቋጠሮ ነው። ቃል ሲያልቅ ትንሽ ባዶ ይተዋል። ስነግራችሁ ቀላል ይመስላል። እሱ ግን ስንት ክረምት ፈጀበት፤ ቋጥሮ፣ አንብቦ፣ "ይሄና ይሄ ይምታታሉ" ብሎ ፈትቶ፣ እንደገና ቋጥሮ። መነኩሴ እንኳ እንዲህ አይደጋግምም ትል ነበር አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችን። እንጀራችን ገመድ ነበር፤ እኔ እፍቃለሁ፣ እሱ ይገምዳል፣ ገበያ እናወጣለን። ከሥራው ሲነሳ ነው ወደ ቋጠሮው የሚሄደው።

ዱላው ጫፍ ላይ በቃጫ ስሙን ቋጥሮ አሰረበት። የጨው ጣሳ፣ የበርበሬ ጣሳ፣ ሁሉም አንገቱ ላይ ክር ተንጠለጠለበት። እኔንም ላስተምርሽ ብሎ ለምኖኝ ነበር። "እጄ ሲፍቅ ውሎ ማታ ደግሞ ፊደል ይቁጠር? ተወኝ" አልኩት። የጨውንና የበርበሬን ክር፣ የዱላውንም፣ በማየት ብዛት ለየሁ፤ ሌላ አላውቅም።

ፊደሉን የተማረችው አሚኔ ነች። አሚኔ የጎረቤታችን የሰፍያ ልጅ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ አታይም። ሰፍያ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ልጅቷን እኛ ቤት ትታት ትሄዳለች። ቁጭ ብላ ስታኮርፍ ሸምሶ ክር ይሰጣታል። ክፉ ልጅ ነበረች፣ አላህ ያሳድጋት፤ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ። ግራኝ ስለሆነች ቋጠሮዋ ሁሉ ወደ ተቃራኒው ይጠመዘዛል። ሸምሶ "የአንቺን ክር መቶ ክር ውስጥ ቢደባልቁት አውጥቼ እሰጣለሁ" ይላታል። እሷ ደግሞ "የአንተ ቋጠሮ የሽማግሌ ቋጠሮ ነው፣ ይላላል" ትለዋለች። ጥርሷን ቀይራ ሳትጨርስ ማንበብ ቻለች። እሱ ቋጥሮ ይሰጣታል፣ እሷ በጣቷ እየሄደች ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ቆጮ እየከተፍኩ እሰማለሁ።

ደስ አለው፣ ግን አልበቃውም። "እሷን እኔ ነኝ ያስተማርኳት። እኔ ስሞት፣ እሷ ስታገባ፣ እዚህ ግቢ ይቀራል" አለኝ። "አንድ የማላውቀው ሰው፣ ሃሊማ። አንድ ብቻ።" እንዲህ ሲለኝ እናደዳለሁ፤ የማያውቀው ሰው ምን አደረገለት? ማታ እግሩን የማጥበው እኔ ነኝ።

በዚህ መካከል ነው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የመጣው። አቶ ገብረእግዚአብሔር ይባላል፤ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ የቡታጅራ ጭቃ ያማረረው ሰው። የባንዲራው ገመድ ተበጥሶበት ሌላ ሊገዛ እኛ ጋ መጥቶ፣ አሚኔ ክር ይዛ ስታነብ ሰማት። ገመዱን ረስቶ ቁጭ አለ። በሌላ ቀን ተመልሶ መጣና "አቶ ሸምሶ፣ በሚመጣው ዓመት ከትምህርት ሚኒስቴር ተቆጣጣሪ ይመጣል" አለው። "ይሄን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠርተህ አሳየው። ከወደደው እዚህ ለዓይነ ስውራን አንድ ክፍል እናስከፍታለን፣ አንተ ታስተምራለህ። ከቡታጅራ አልፎ እስከ ወልቂጤ ይደርስልሃል።"

ሸምሶ ዓመቱን ሙሉ ያንን ሠራ። ትልቅ የማስተማሪያ ገመድ ነው። ፊደሉ ሁሉ ከሀ ጀምሮ በተራው፣ ከነድምፁ፣ ቀጥሎ ቃላት፣ ቀጥሎ አጫጭር ወሬ፤ የዝናብ ወሬ፣ የእንሰት ወሬ፣ የዚያ የኮርቻ ሠሪ ልጅ ወሬ። መምህር የሌለው ሰው ብቻውን ጀምሮ እንዲጨርሰው ብሎ ነው የደከመው። የቋጠረውን ሁሉ አሚኔ እየተከተለች ታነብለት ነበር። ሲጨርስ ጠቅልሎ ምሰሶው ላይ ሰቀለው። ስታዩት ማንም ሴት ሳታበጥር የተወችው ቃጫ ነው የሚመስለው።

ተቆጣጣሪው ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀር እኔ ወለድኩ። ምጡ ከብዶኝ ነበር፤ ደሜ ፈሰሰ፣ ትኩሳት ያዘኝ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቼ ቀኑንና ሰዓቱን አላውቅም። የተቆረጠው እንሰት ሳይፋቅ ጓሮ ቀርቷል። ጎረቤቶች ይህን ሲያዩ ምን ያደርጋሉ? ደቦ ጠሩ። አማቴ ከድጄ ፊት ሆና፣ ሰፍያም ገበያዋን ትታ፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ መጡ። ሸምሶ ገመድ ይዞ ገበያ ወጥቷል። ሴቶቹ እንሰቱን ጨረሱ፣ ጓሮውን ጠረጉ፣ ቤቱን አጸዱ። ሲዘፍኑ በሕልሜ ይሁን በውኔ እሰማቸዋለሁ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከዚያ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን አዩት። ምስኪን ሃሊማ፣ እርግዝናው ከብዷት ቃጫዋን እንኳ ሳታበጥረው፣ እንዴት ተቋጥሮባታል! አወረዱት። ውሃ ነክረው አለዘቡት። ከበው ተቀመጡና ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈቱት። ጠንካራ ነበር፤ ጥፍራቸው ተሰበረ፣ ግን ሴቶቻችን የጀመሩትን አይተዉም። አበጠሩት፣ አነጡት፣ በሦስት ውብ እስር አስረው እዚያው ሰቀሉት። ሰፍያ የልጇን ክሮች ታውቃለች፤ አጫጭር ናቸው፣ በጣሳ ላይ የሚንጠለጠሉ። ይሄን ያህል የረዘመ ጽሑፍ ይኖራል ብላ ከየት ታስብ? አማቴም ብትሆን የምታውቀው ልጇ ቋጥሮ ቋጥሮ መልሶ ሲፈታው ነው።

ሸምሶ ሲመለስ ሴቶቹ ገና አልሄዱም። አማቴ በኩራት እጁን ይዛ ወደ ምሰሶው ወሰደችው። "ዳብሰው" አለችው። "አንድ ቋጠሮ አልቀረበትም።"

እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። እጁን አነሳ። የመጀመሪያውን እስር ዳበሰ፣ ሁለተኛውን ዳበሰ፣ ሦስተኛውን ዳበሰ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ሴቶቹ ምስጋና ይጠብቃሉ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አላህ ይስጥልኝ" አላቸው። "እጃችሁ አይድከም።"

እኔ ወላሂ ከአልጋው እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። መጋረጃውን ገልጬ "ምን አደረጋችሁ? ዓመት ሙሉ የጻፈውን እኮ ነው የፈታችሁት" አልኳቸው። ሸምሶ "ተይ፣ ሃሊማ። ልጅሽን ያዢ" አለኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሴቶቹ የጋገሩትን ቆጮ አብሯቸው በላ፤ እያንዳንዷ ጉርሻ በጉሮሮው ስትወርድ አያለሁ። ለደግነት የሚመለስ ቁጣ የለም። ያ ነው የገደለኝ፤ የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ። አማቴ ሲገባት፣ በነጋታው አንድ እስር ታቅፋ መጣችና "እንዴት ነበር ልጄ፣ ንገረኝና ልቋጥረው" አለችው። አሮጊቷ እያለቀሰች ነው የምትለው። እሱ ግምባሯን ሳማት እንጂ አልነገራትም። የት ተጀምሮ የት ያልቃል?

ተቆጣጣሪው በቀጠሮው መጣ። ሕፃኗን አዝዬ፣ ሸምሶን በእጄ ይዤ ሄድኩ። ሰፍያም አሚኔን ይዛ መጣች። ተቆጣጣሪው ጨዋ ሰው ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠን። ሸምሶ ነጭ፣ የተበጠረ ቃጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ጽሑፉ የት አለ?" አለ ተቆጣጣሪው።

"ነበረ፣ ጌታዬ፤ ሳይታወቅ ተፈታ" አለ ሸምሶ። ማን እንደፈታው አልተናገረም። "የፈለጉትን ይንገሩኝና እጽፋለሁ። ልጅቷ ውጭ ትጠብቅ።"

አሚኔ ወጣች። ሰውዬው አንድ ነገር በጆሮው ነገረው። ሸምሶ ቋጠረ። አሚኔ ገብታ ክሩን ተቀበለች፣ ጣቷን አስኬደች፣ "ዛሬ ቡታጅራ ዝናብ ዘነበ" ብላ አነበበች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሰውዬው አዙራ "ውሸት ነው፣ አልዘነበም" አለችው። ሰውዬው ሳቀ፤ አቶ ገብረእግዚአብሔርም ሳቀ። እኔ አለቀ፣ ክፍሉ ተከፈተ ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

አልሆነም። ሰውዬው ክሩን አገላብጦ አየና ቀስ ብሎ ተናገረ። ጥሩ ነገር ነው፣ አድንቄዋለሁ አለ። ግን ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የነጥብ ጽሑፍ አለ፣ አንተም የተማርከው እሱን ነው፣ አንዲት አገር ለዓይነ ስውራኗ ሁለት ጽሑፍ ልትይዝ አትችልም አለ። ስህተት ነው ልል ብፈልግ ስህተቱን አጣሁት። "ልጅቷ ግን እዚህ መቅረት የለባትም" አለ። "አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ።"

ሰፍያ ወደ ሸምሶ ዞረች። "እኔ የማውቀው የለኝም" አለችው። "አንተ ትሂድ ካልክ እልካታለሁ። ትቅር ካልክ ትቀራለች።"

ቡታጅራ ውስጥ፣ ዓለም ውስጥ፣ ያንን ጽሑፍ የምታነብ ሌላ ሰው የለችም። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ አሚኔም ታውቃለች፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ምላሷን ይዛለች። ሸምሶ ብዙ አልቆየም።

"ትሂድ" አለ። "ነጥቡን ተማሪ፣ አሚኔ። ጥሩ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ መቋጠር ተወ። አልተቆጣም፣ አልታመመም፣ ዝም ብሎ ተወ። ገመድ ይገምዳል፤ ለባልዲ፣ ለአህያ፣ ለአልጋ፣ አንድ ቋጠሮ የሌለበት ልስልስ ገመድ። ነጋዴዎቹ ወደዱት። በጣሳዎቹ ላይ ያሉት ክሮች አርጅተው ሲበጠሱ አልተካቸውም። እኔ ቀጥ ብሎ ሥራ ይያዝ ብዬ ስንት ዓመት ስነዘንዘው የኖርኩ ሰው፣ አሁን አጠገቡ ቃጫ አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ገምዶት አገኘዋለሁ። ሰፍያ አዲስ አበባ ልጇን ልትጠይቅ ስትሄድ ሰላምታ ይልካል፣ ሰላምታ ይመጣለታል፣ በአፍ። አሚኔ በነጥብ ጎበዝ ሆናለች አሉ። "አልሐምዱሊላህ" ይላል፣ ገመዱን ይቀጥላል። ልጄ አድጋ ውሃ መቅዳት ጀመረች። ጃንሆይ አረጁ። ቡታጅራም ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት ወሬው በዛ፤ ተማሪው ተነሳ፣ ወታደሩ ተነሳ፣ ወሎ ሰው በረሃብ አለቀ። ለእኛ ቤት ሁሉም አንድ ዓይነት ድካም ነበር።

ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በክረምቱ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ረዳት አንድ ጥቅል አመጣልን። ከአሚኔ ነው አለ። ሳሙና፣ ስኳር፣ ለልጄ አንድ ክንድ አበባ ያለው ጨርቅ። በጨርቅ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ በቃጫ ዙሪያውን ደጋግሞ ታስሯል። እጄ ጭቃ ነበር። ምን ያለ አስተሳሰር ነው፣ ይሄ ሁሉ ቋጠሮ ለአንድ ሳሙና ብዬ ቢላዋ አነሳሁ።

ቢላዋውን ክሩ ሥር ከትቼ ነው ያየሁት። የመጀመሪያዎቹ ቋጠሮዎች የሸምሶ ዱላ ጫፍ ላይ ካሉት ጋር አንድ ናቸው። ከጎን ቀጭኗ ክርም አለች። ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

"ሸምሶ" አልኩት። "ና፣ ይሄን ያዝ። አልፈታሁትም።"

ጥቅሉን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ጣቱን አሳረፈና ደርቆ ቀረ። ወደ ፊት ትንሽ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አንዷን ቋጠሮ በሁለት ጣቱ ይዞ አዟዟራት።

"የአሚኔ እጅ አይደለም" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዕውነቱን ነው። የአሚኔ ቋጠሮ ወደ ግራ ነው የሚጠመዘዘው፤ ይሄ ሁሉም ወደ ቀኝ ነው።

"ታዲያ የማን ነው?" አልኩት።

ጥቅሉን እያዞረ፣ እየተንተባተበ፣ ልጅ እንደሚያነብ ማንበብ ጀመረ። ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ጣቱም በገመድ ደድሯል። "ሸምሶ ጀማሉ" ይላል። "አታውቀኝም። ወርቅውሃ እባላለሁ፤ አገሬ ጎጃም ነው፣ ከአሚኔ ጋር እዚሁ ትምህርት ቤት እማራለሁ። አሚኔ ገመዱን ለእኔ ሰጠችኝና ብቻሽን አንብቢው አለችኝ።" ቆመ። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። አሚኔ ስትሄድ አእምሮዋ ውስጥ የነበረውን ያንን የተፈታውን ገመድ፣ ከዝናቡ ወሬ እስከ ኮርቻ ሠሪው ልጅ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብላ እንደገና ቋጥራዋለች። ይህን ያወቅሁት ክሩ ተነብቦ ሲያልቅ ነው።

የሸምሶ ፊት ረጥቧል፤ እኔም እያለቀስኩ ነበር፣ ለምን ልደብቅ። ልጄ ውሃ ይዛ ገብታ ምን ሆናችሁ ብላ በሩ ላይ ቆመች።

"ሃሊማ" አለኝ። "ቃጫ ይኖርሻል?"

ለገበያ ያበጠርኩት እስር ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ አንድ ቋጠሮ የሌለበት። አውርጄ ሰጠሁት።